የልጥ ቀበቶ

ባለፈው ግንቦት ነው፤ ቡሬ፣ ገበያው ዳር፣
ከመጋዘኔ በር፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ወረቀት ለጠፉ፣ ማኅተም ያለበት፤
ስሜን እስከ አያቴ ከነዕዳው ጻፉበት።
ትልቅ ሰው ቆሞ አነበበ፣ ልጅ ፊደል ቆጠረበት።

በርበሬ ነው የጣለኝ። ዋጋው ይወጣል ስል፣
መቶ ሰማንያ ኩንታል ቆልፌ ሳባብል፣
ዝናብ በጣሪያው ገብቶ ቀዩን አጠቆረው፤
ሻጋታ ያልደረሰበትን ገበያው ሰበረው።

ሚዛኔም ተሸጠ።
ስንት ጆንያ የለካ ብረት፣ በሐራጁ ቀን፣
ማንም ሳይመዝነው በግምት ተሸጠ።

የሽወርቅ ምንም አላለች።
የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች፣
ምስማሩንም ነቀለች።
«ምስማሩ የባንክ አይደለም» ብላ በመሐረብ ቋጠረች።

ይኸው አሥር ወር አልሞላም፤
የወደቅሁበት አቧራ ከልብሴ ገና አልረገፈም።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል የአገሬ ሰው፤
እኔን ግን ምን ነካኝ? የነደፈኝን ሳልረሳው፣
ቁስሉ ሳይጠግግ፣ ጥርሱ ከሥጋዬ ሳይወጣ፣
ልጡን ከመሬት አንስቼ፣ ወገቤን ታጥቄ ልወጣ።

ፍኖተ ሰላም፣ ፎቅ ላይ፣ ከአበዳሪው ቢሮ፣
የአንዲት ልጅ ዓይን ከስክሪኑ፣ ጆሮዋ ከኔ ኑሮ።
«ከዚህ በፊት ብድር ነበረዎት?» አለች በትሕትና፤
መልሱ ፊቷ ነው ያለው፣ እያነበበችው ነውና።
«ነበረኝ።»
«እንዴት አለቀ?»
«እሱ አላለቀም። ቤቴ ነው ያለቀ።»
ሳቀች። ከዚያ አፈረች።
ከዚያ ወለዱን ጨመረች።
«እንደ እርስዎ ላለ ሰው አደጋው ይበዛል።»
ይሁን። አደጋው እኔ ነኝ። ይኼም ስም አይደል?
ካቻምና ባለሀብት፣ አምና ከሳሪ፣ ዘንድሮ አደጋ ልባል።

ዋሴ አስረበብ ነው፤ የእህቴ ባል፣ የማንኩሳ መምህር፤
ደመወዙን ከኔ ዕዳ ጋር ጠመደው በአንድ ቀንበር።
ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ይኼ ነው የከበደኝ።
ቢንቀጠቀጥ፣ ቢሰድበኝ፣ ትንሽ በቀለለኝ።

መኪናዋ ነጭ ሚኒባስ፣ ሦስት ሰው ያረጁባት፤
ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ጉሮሮዋን የሚያሳክካት።
ሊብሬዋ ካዝና ነው፣ መሪዋ እጄ ላይ፤
ነፍሷ ፍኖተ ሰላም፣ ሥጋዋ ጎዳና ላይ።
ሠላሳ ስድስት ወር እንዲህ ተከፍላ ልትኖር።
(እኔስ? ዝም ብል ይሻላል።)

የክፍያውን ሰሌዳ፣ በኪራይ ክፍላችን፣
የሽወርቅ ሰቀለችው በዚያው ምስማራችን።
«ፎቶውስ?» አልኳት።
«ሌላ ምስማር ስትገዛ።»

ዛሬ ማለዳ ለሽንዲ ሰው ስጠብቅ አንዱ ጠራኝ፤
«አራት ጆንያ አለ፤ ከጣሪያው ጫንልኝ» አለኝ።
ወዴት ነው ሳልል አወቅሁ፤ በሩ የኔ በር፤
ቀለሙ ተቀይሯል፣ ማጠፊያው ያው ነበር።
ሰውዬው ይገፋል፣ በትከሻው ይመታል፣ ይራገማል።
«ከፍ አድርገህ ግፋው» አልኩት።
ተከፈተ።
ዞሮ አየኝ። «እንዴት አወቅህ?»
«የመጋዘን በር ሁሉ እንዲህ ነው» አልኩ።

ከውስጥ ሽታው ወጣ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ።
ዓይኔ ሲሞላ አየና «አይዞህ፣ የዘንድሮው ኃይለኛ ነው» አለኝ።
እውነቱን ነው፤ ኃይለኛ ነው።
አራቱን ጆንያ በጀርባዬ አወጣሁ፤
ሦስተኛው ቀሎ ነበር፤ ያለ ሚዛን አወቅሁ፣
አልተናገርኩም።

ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊኩ እጁን አነሳ።
«ቀበቶ!» አለ። ዘንግቼው ነበር።
ሳብኩት። ጥቁር፣ ረጅም፣ ልሙጥ፣
በደረቴ ላይ ተጋደመ፤
ራሱን ከማሰሪያው አስገባሁት፣
ጠቅ ብሎ ነከሰና ዝም አለ።

ልጥ ይሁን እባብ፣ ዳገቱ ይንገረኝ።
ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ።
ጉሮሮዋን ጠራረገች።